ጋኑ ዝም ሲል



እናቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ መጀመሪያ የምትገባው ጓዳ ነበር። ጋኑ ከጥጉ በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጣል። ነጠላዋን ወደ ኋላዋ ጣል አድርጋ ትንበረከክና ጋኑን አቅፋ ጆሮዋን ሆዱ ላይ ትለጥፋለች። እኔ መደቡ ላይ ተኝቼ አያታለሁ። ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ከውስጥ ከመጣላት ተነስታ እሳቷን ታቀጣጥላለች፤ ቀኑ መልካም ነው። ጋኑ ዝም ካለ ግን ከዚያ ጓዳ ቶሎ አትወጣም።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ዝምታ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደብተሩ በጠላ ገንዘብ የተገዛለት ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ከአጥር በላይ ብቅ ካለ፣ እዚያ ግቢ ጠላ እንዳለ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ጣሳ ሥር አድገው መምህር፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ መሐንዲስ የሆኑ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለ ጠላ ጥሩነት ሁላችንም ጮክ ብለን እናወራለን። ስለሚበላሽበት ቀን ግን የምናወራው በሹክሹክታ ነው። ጠላዋ የተበላሸባት ሴት በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። ጎረቤቷ «ዐይን በልቶት ነው» ይላል። ሌላው «እጇ አይጥምም» ይላል። «በወር አበባዋ ሆና ነክታው ነው» የሚልም አለ፤ ይህን ሰምቼ አድጌያለሁ፤ በእናቴም ላይ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። የተበላሸ ጠላ ምክንያት አለው። ምክንያቱም የሚገኘው በሴቲቱ ገላ ወይም በጎረቤቷ ዐይን ውስጥ አይደለም፤ ከጥንስስ እስከ ማጥለል ካሉት ቀኖች በአንዱ ውስጥ ነው። ያንን ቀን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

በተለይ የማነሳው ብርቱውን ጠላ፣ ፊልተር የምንለውን ነው። ተራ ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ አልኮል ሲኖረው፣ በደንብ የተያዘ ፊልተር ወደ 5 እና 6 ይጠጋል፤ የፋብሪካው ቢራ አብዛኛውን ጊዜ 5 አካባቢ ነው። ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ብረት በርሜል፣ በሸክላና በማገዶ እዚህ መድረስ ትልቅ ሙያ ነው። ቅራሪ ትንሽ ስሕተት ይሸከማል፤ ከአተላው ላይ ውሃ ጨምረን ያገኘነው ስለሆነ ቢበላሽም ብዙ አይጎዳንም። ፊልተር ግን ብዙ እህል፣ ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ በልቶ ነው የሚደርሰው። አንድ ጋን ፊልተር የተበላሸባት ሴት የወር ኪራይ ተበላሸባት ማለት ነው።

ነገሩን ከምድራችን ልጀምረው። የጣና ዳር ጠላ ከሁለት አገር የሚመጣ ነው። ጌሾው ከዘጌ ነው። የዘጌ ሰው እንደሚተርከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በቃል ኪዳን የተከለከለ ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረው ገዳማቱን ከከበበው ጫካ ፍሬና ቅጠል ነው። ዘጌ ጌሾ አለው እንጂ ገብስ አይዘራም። ዳጉሳውና በቆሎው ከሜጫና ከአካባቢው ማሳ ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት ባሕር ዳር ገበያ ላይ ነው። በልጅነቴ ጌሾና እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ከሐይቁ ዳር ሲጠጋ እናቴ እጄን ይዛ ትወርድ ነበር። ቅጠሉን በመዳፏ ፈርክሳ ታሸተዋለች። እርጥበት የነካው፣ የሻገተ ጌሾ ከሆነ ዋጋው ቢቀንስላትም አትነካውም። ያኔ አጉል መራጭነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የመጀመሪያውን ብልሽት እዚያው ሐይቁ ዳር እያስቀረችው ነበር።

ጌሾ መራራ ብቻ ሆኖ አይደለም ጠላ ውስጥ የሚገባው። መራራነቱን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና የሥራ ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ገሾይዲን ብለው ሰይመውታል፤ የእኛው ቅጠል ስሙን ለኬሚስትሪ ሰጠ ማለት ነው። ጌሾ የማይፈለጉ ተሕዋስያንን ያዳክማል፤ በዚያው ላይ እርሾ ራሱ ከቅጠሉና ከእንጨቱ ጋር ተሸክሞ ይመጣል። ፈረንጆች ለቢራቸው ሆፕስ የሚባለውን አበባ ለምሬትና ለማቆያ ይጠቀማሉ፤ እርሾውን ግን ለብቻው ገዝተው ወይም አቆይተው ነው የሚጨምሩት። በእኛ ዘንድ ጥንስሱን ስንጠነስስ የተወቀጠው ጌሾ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ለዚህ ነው ጥንስስ ላይ የተቻኮለች ሴት ድፍድፍ ላይ የምትቸገረው።

አሁን ስለ ጥንካሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከምናገረው ሁሉ እጅግ የምወደው ይህ ነው። አውሮፓ ውስጥ በቤቱ ብርቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው የብቅሉን ስኳር በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ያወጣል። የተፈጨ ብቅል 65 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋል፤ ጭማቂውን ያጠልላል፤ ያፈላዋል፤ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ እርሾ ይጨምርበታል። ቢራው ብርቱ እንዲሆን ስኳሩ ብዙ መሆን አለበት። ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ እርሾው በመጀመሪያው ቀን ጣፋጭ ባሕር ውስጥ ይወድቅና ይታነቃል፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። የብርቱ ቢራ ጠማቂ በየአገሩ የሚያማርረው በዚህ ነው።

ጃፓኖች ከሩዝ የሚጠምቁት ሳኬ የሚባል መጠጥ አላቸው። ሳይነጠር ከመቶ እስከ 20 እጅ አልኮል ይደርሳል። እንዴት? ሩዙንና ውሃውን በአንድ ቀን አይጨምሩትም፤ በሦስት ጊዜ እየከፋፈሉ ይጨምሩታል። ስታርቹ ወደ ስኳር ሲለወጥ እርሾው እግር በእግር እየተከተለ ይበላዋል። ስኳሩ ቀስ እያለ ስለሚመጣ እርሾው አይታነቅም። ጥንስሳችንን፣ ድፍድፋችንን፣ እንኩሯችንን አስቡት። መጀመሪያ ጌሾና ጥቂት ብቅል በታጠነ ጋን ውስጥ፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ቂጣውና ብቅሉ፤ ያ ፈልቶ ሲያበቃ ደግሞ እንኩሮው፤ ውሃው በመጨረሻ። መንገዱ አንድ ነው። ከጣና ዳር እስከ ጃፓን በሁለት ጓዳ፣ ሁለት ሕዝብ ሳይተዋወቅ፣ ለእርሾ በየቀኑ የሚበላውን ልክ እየሰጡ ማሳደግን ተማረ። እናቴ የሳኬን ስም ሳትሰማ አርፋለች፤ ግን «ድፍድፍ ልጅ ነው፤ አንዴ አታጉርሽው» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ፊልተር የምትፈልግ ሴት ጥንካሬውን ከሌላ ቦታ አትፈልገው። እህሉን ታብዛ፤ ግን በየተራው ትስጠው። ውሃውን ታሳንስ። በእኛ ቤት ለተራው ጠላ ከአንድ እጅ ድፍድፍ ሦስት እጅ ውሃ ቢገባ፣ ለፊልተሩ አንድ ወይም አንድ ተኩል ነበር የሚገባው። ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ከመቶ ግራም ስኳር 51 ግራም ያህል አልኮል ይወጣል፤ የቀረው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ጋኑ የሚያጉረመርመው በዚያ ጋዝ ነው። እናቴ አንዳንዴ ጆሮዋን ካላመነችው ክብሪት ጭራ ወደ ጋኑ አፍ ታስጠጋ ነበር፤ እሳቱ እፍ እንደተባለ ከጠፋ ድፍድፉ እየተነፈሰ ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ ጓዳ ብዙ ጋን የምትጠምቁ እህቶቼ፣ እሳቱን ያጠፋው ጋዝ እናንተንም ሊያዝላችሁ ይችላልና በሩን ክፈቱት።

አሁን ወደ ብልሽቱ ልግባ።

1988 ዓ.ም. ነው፤ ታላቅ እህቴ ልትዳር ነው። ሠርጉ ጥር 18 ቅዳሜ ቀን ተቆርጧል። የቃና ዘገሊላ ዕለት ታቦት ሸኝተን፣ እልል ብለን፣ ደክሞን ገብተን ተኛን። በማግስቱ ማለዳ እናቴ እንደ ልማዷ ጓዳ ገባች፤ «እግሬ ራሰ» ስትል ሰማኋት። ኩራዝ ይዤ ተከተልኳት። ከጋኑ ወገብ በታች ጸጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። ድፍድፉ በዚያች እየተንጠባጠበ ወለሉን አርሶታል። ትናንት በቃና መንደር በሠርግ ቤት መጠጥ እንዳለቀ ሲነበብ ሰምተን መጥተናል፤ ዛሬ የእኛ ሠርግ ቤት ጋን አፈሰሰ። አምስት ቀን ቀርቶታል።

እናቴ አልጮኸችም። ስንጥቁ ላይ ሊጥ ለጥፋ መፍሰሱን አዘገየችው፤ እኔን ወደ ጎረቤት ሰደደችኝ። እቴቴ ብዬ የምጠራቸው አንዲት ትልቅ ሴት ሁለት እንስራ ሰጡኝ፤ ከማዶ ሦስት ተገኘ። አምስቱ በግራዋ ቅጠል ውስጣቸው እስኪያለቅስ ተፈተጉ፤ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፉ፤ የወይራ ጭስ ጠጡ። ድፍድፉ ግን አምስቱን ሞልቶ ተረፈ። ስድስተኛው እንስራ ሲመጣ መሽቷል፤ የወይራው ፍም ጠፍቷል፤ ግራዋው አልቋል። ሰውም ደክሟል። በውሃ ብቻ ተለቃለቀና የቀረው ድፍድፍ ተቀዳበት። ስድስቱም አፋቸው ተመርጎ ተደረደሩ።

ዓርብ ዕለት ተከፈቱ። አምስቱ ጥርት ያለ፣ ምላስ የሚይዝ፣ ከሠርግ ሁሉ ሠርግ የሚያደምቅ ጠላ ሆነዋል። ስድስተኛው ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ተንሳፍፏል፤ ሽታው ሆምጣጤ ነው። ከረዳቶቹ አንዷ ወዲያው «ዐይን ነው፤ ትናንት የገባችው ሴትዮ» አለች። እናቴ ምርጊቱን ከእጇ እያራገፈች መለሰችላት፤ «ዐይን ቢሆን ኖሮ ስድስቱንም ይበላ ነበር። ይኼ የእንስራው ነው።»

በኋላ ብዙ አነበብኩ፤ ብዙ ሰማሁ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገር የጠራ ግን አላገኘሁም። አንድ ድፍድፍ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ጓዳ፣ ስድስት እንስራ። የተለየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ብልሽቱም እዚያው ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሰው ይህን ለማግኘት ይደክማል። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ ምክንያትን ከአሉባልታ መለየት ግን ትችል ነበር።

ሸክላ ይተነፍሳል። በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለፈው ጠላ ቅሪት ይቀመጣል፤ ከቅሪቱ ጋር ሆምጣጤ የሚሠሩ ተሕዋስያን። ውሃ አያወጣቸውም። የግራዋ ሻካራ ቅጠል ይፍቃቸዋል፤ የወይራ ጭስ ያደርቃቸዋል፤ ያዳክማቸዋል። ጋን ማጠን ለሽታ ብቻ ነው የሚሉ ልጆች አሉ፤ ጭሱን ተዉትና የሚሆነውን ታያላችሁ። በእርግጥ ጭስም ሲበዛ ጠላውን የምድጃ ጣዕም ያሲዘዋል፤ ያኔ ጋኑን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ማናፈስ ነው።

የዚያን ዕለት አንድ ሌላ ፈተና ነበረ። ሰው ብዙ ነው፤ ጠላ እንዳያንስ ተሰግቷል። «ስድስተኛውን ከአምስቱ ጋር ቀላቅይው፤ ማን ያውቃል» ተባለች። እምቢ አለች። ስድስተኛው ለከብት ሄደ። ብልሽትን በጥሩው ውስጥ መደበቅ ጥሩውንም ማበላሸት ነው፤ የሆምጣጤው ተሕዋስ አየር ባገኘ ቁጥር አልኮሉን እየበላ ይቀጥላል። አንዴ ሆምጣጤ የሆነ ጠላ ወደ ኋላ አይመለስም። ማር ቢጨምሩበት፣ የተቆላ ዱቄት ቢነሰንሱበት ምላስን ለአንድ ሰዓት ያታልል ይሆናል እንጂ አይድንም። ለዘብ ያለው፣ የእርጎ ዓይነት ኮምጣጣነት ግን ሌላ ነው፤ እርሱ የጠላ ተፈጥሮ ነው፤ አያስደነግጣችሁ። ልዩነቱን አፍንጫ ያውቃል። አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ አየር ገብቷል። ስለዚህ የሚጠለለው ጠላ ዕቃውን እስከ አፉ ይሙላ፤ ግማሽ የሆነ ጋን ለብዙ ቀን አይቀመጥ፤ ወደ ትንንሽ ዕቃ ይገልበጥ፤ ምርጊቱ ሲሰነጠቅ በዕለቱ ይደገም።

የእኔን ደግሞ ልንገራችሁ። ትዳር በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ለአማቶቼ ፊልተር ላቀርብ ተነሳሁ። ጥንስሱ አማረ፤ ድፍድፉ ፈላ። የእንኩሮው ቀን ከሥራ አምሽቼ ገባሁ። አሻሮውን አምሼ፣ ዱቄቱን በውሃ አርሼ፣ ምጣድ ላይ አንኩሬ ስጨርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። እንኩሮ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ። ዐይኔ ተጨፈነ፤ ነገም ሥራ አለ። ትኩሱን ገለበጥኩት፤ መረግኩት፤ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጠፍኩ። ዝም። ክብሪት ጫርኩ፤ እሳቱ ቀጥ ብሎ ነደደ። የእናቴን ፊት ያኔ አወቅሁት፤ ከጓዳ የማትወጣበት ምክንያት ያኔ ገባኝ።

እቴቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ግን ያዳምጣሉ። «እንኩሮው እጅሽን አቃጥሎሽ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እጅሽን ያቃጠለ እርሱንም አቃጥሎታል» አሉ። ከራሳቸው ጋን በቅል ሙሉ የሚፈላ ድፍድፍ ቀዱልኝ፤ «ይህን ብቻ አይደለም፤ አዲስ ብቅልም ፈጭተሽ ጨምሪበት» ብለው መከሩኝ። እንዳሉት አደረግኩ። በሁለተኛው ሌሊት ጋኑ ማጉረምረም ጀመረ። አማቶቼ ቀኑ አልፎ ቢሆንም ጠጡት።

ምክራቸው ለምን ሁለት ነገር ያዘለ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እርሾ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። የብቅሉ ኃይል፣ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው፣ ከእርሱ በላይ ይችላል፤ ከ75 እና 80 ሲያልፍ ግን እርሱም ይጠፋል። ትኩስ እንኩሮ ያረፈበት ድፍድፍ ከሁለቱ የትኛው እንደሞተበት በዐይን አይታወቅም። እርሾ ብቻ ብጨምር የሚበላው ስኳር ላይኖር፣ ብቅል ብቻ ብጨምር የሚበላው እርሾ ላይኖር ይችላል። እቴቴ ሁለቱንም ሰጡኝ። ከእንግዲህ ጋናችሁ ከእንኩሮ በኋላ ዝም ካለ፣ ከመድፋታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ በደህና የሚፈላ የጎረቤት ድፍድፍና እፍኝ አዲስ ብቅል። ድፍድፉ ገና ሆምጣጤ ካልሸተተና ካልሻገተ የሚድንበት ዕድል ሰፊ ነው።

ይህን ስናገር የዴንማርክ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ የቢራ ሕመም ከተሕዋስያን እንደሚመጣ አሳየ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮፐንሀገን የሚገኘው የካርልስበርግ ፋብሪካ ቢራው ታመመበት። ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን የተባለ ተመራማሪያቸው መረመረውና ጥፋቱ ከዱር እርሾ እንደሆነ ደረሰበት፤ በ1883 እ.ኤ.አ. ከአንዲት ሴል የተባዛ ንጹሕ እርሾ አገኘ። የፋብሪካው ባለቤት ያኮብሰን ያን እርሾ ደብቆ አልያዘውም፤ ለሌሎች ጠማቂዎች በነፃ ሰጠ። ይህ በዓለም የቢራ ታሪክ በአድናቆት የሚነገር ነው፤ ሊነገርም ይገባዋል። እኔ ሳነበው ግን የታየኝ እቴቴ በቅል የቀዱልኝ ድፍድፍ ነበር። በባሕር ዳር ጓዳዎች ድፍድፍ ተከልክሎ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ስለ ብቅል አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ገብሱ ወይም ዳጉሳው ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቅሎ፣ ከዚያ መድረቅ አለበት። በጋ ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ በሁለት ቀን ያደርቀዋል። ክረምት ላይ ግን ሐይቁ ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ብቅሉ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ብዙ ሴቶች ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ተቆልቶ እንደሚያልፍ ያስባሉ። አያልፍም። በሻገተ እህል ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በማፍላት አይጠፋም፤ ጉበት የሚጎዳ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ብልሽት ሁሉ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ይሄኛው ግን ሰው ያስከፍላል። የሻገተ ብቅል ለከብትም አይሰጥም፤ ይደፋ። ለክረምት የሚሆነውን ብቅል በበጋ አብቅሎ፣ አድርቆ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው መድኃኒቱ።

ሙቀትንም አትርሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ድፍድፍ ይቸኩላል፤ የቸኮለ ድፍድፍ ይኮመጥጣል። ያኔ እርጥብ ጆንያ ጋኑን አልብሱት፤ ከቆርቆሮው ሥር አርቁት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋኑ ዝም ቢል ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ገለባ ከበብ አድርጉበትና ሁለት ቀን ጠብቁ። ደብረ ታቦር ያለች እህቴ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ጠንስሳ ከእኔ ቀናት ዘግይታ ነው የምትጠልለው። የሷ ጋን አልታመመም፤ አገሯ ደጋ ስለሆነ ነው።

ፊልተር ተጠልሎ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ያልጨረሰ እርሾ ግን እዚያም ይሠራል። ወንድሜ አንድ ጊዜ አንድ ጀሪካን ፊልተር ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ይዞ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ደጀንን አልፈው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ጋዙን ነፋው፤ ጀሪካኑ ፈነዳ፤ የሰው ልብስ ሁሉ ጠላ ሆነ። ማንም አልተጎዳም፤ መስታወት ጠርሙስ ቢሆን ግን ዐይን ያጠፋ ነበር። መንገድ የሚሄድ ጠላ ለቀናት ጋዙ ይውጣ፤ ክዳኑም ላላ ይበል፤ በመስታወት ከሆነ ጨርሶ አትላኩት።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። «ብርቱ ነው» እየተባለ የሚሸጥ፣ ግን በእህልና በቀን ያልበረታ ጠላ እየበዛ ነው። ቀጭን ጠላ ላይ አረቄ ይገለበጥበታል፤ ጠጪው ቶሎ ይሰክራል፤ «ምን ዓይነት ጠላ ነው» እያለ ያደንቃል። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ በመካከላችን፣ እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ጠጪው ስንት እንደጠጣ የሚያውቀው በጣሳው ቁጥር ነው፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ሌላ ከሆነ ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። በሐሰት ቁጥር ሞተር ሳይክል ይነዳል፤ ታንኳ ላይ ይወጣል፤ ሚስቱ ወዳለችበት ቤት ይገባል። አራት ጊዜ መግባና ሁለት ሳምንት ጠብቃ ያበረታችውን ሴት ደግሞ ገበያዋን ይነጥቃታል፤ የርሷ ዋጋ ከዚያ ጋር ሊወዳደር አይችልምና።

እናቴ ጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ታደርግ ነበር። ጥንስስ የተጠነሰሰበት ቀን አንድ ረጅም ጭረት፤ ድፍድፍ የገባበት ቀን በላዩ አንድ አግድም፤ እንኩሮ ሲገባ ክብ። የተበላሸ ጋን ከጎኑ ጥቁር ነጥብ ይደረግለታል፤ ነጥቡ የሚያርፈው ስሕተቱ ያለበት ቀን ላይ ነው። ቤቱ ሲታደስ ያ ግድግዳ በኖራ ተለሰነ፤ ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም። የሃያ ዓመት ሥራ በአንድ ከሰዓት ጠፋ። አሁን እኔ ደብተር ይዣለሁ። ቀኑን፣ ጌሾው የመጣበትን፣ ብቅሉ የደረቀበትን፣ የገባውን ውሃ በቅል ቆጥሬ፣ ሰማዩ ደመና መሆን አለመሆኑን እጽፋለሁ። ማንበብ የማትችል እናት ካለች ልጇ ይጻፍላት፤ ልጅ ከሌለ ከሰል አለ።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድ ጋን ትቼ ነው የመጣሁት። ስድስተኛ ቀኑ ነው። ድፍድፉ ፈልቶ አብቅቷል፤ እንኩሮው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ሻሽ ለብሶ እየበረደ ነው። ሴት ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ «እጅሽን ካላቃጠለሽ ብቻ» ብያት ጠባቂ አድርጌ አስቀምጫታለሁ። ስገባ አብረን እንጨምረዋለን፤ አፉን እንመርገዋለን፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ጆሮዋን የምትለጥፈው እርሷ ናት።